ዶማ ያነሡት ንጉሠ ነገሥት

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአጼ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው መቅደላ አደጉ፤ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በክፉ ቀን ተይዛ ነበር።

በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአርሶ አደሩን በሬ ፈጀው። ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። የሚጠመድ በሬ ሲጠፋ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ ሕዝቡም በረሃብ አለቀ። በዚህ ጊዜ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲቆፍሩ አደረጉ። ጉልበት ሥራ ለትልቅ ሰው ነውር በሚባልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የማገዶ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን እየተመናመነ ሄደ። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ከብትም አይበላውም። ስለዚህ ከተማዋ በቦታዋ ጸናች። እኛ የፉሪ ሰዎች ወደ ሰሜን ስንመለከት የሚታየን የእንጦጦ አረንጓዴ ከዚያ የቀጠለ ነው። ሆኖም ዛፉ ውሃ ያደርቃል የሚል ስሞታ በመብዛቱ በ1905 ዓ.ም. አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ፤ ግን ሳይፈጸም ቀረ።

በ1900 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሆኖ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ታወጀ። ማረሻ የሚሠራውን እጅ እየናቁ እርሻን ማሻሻል አይቻልምና አዋጁ ለገበሬውም የሚበጅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

በሬዎቹን የፈጀው የደስታ በሽታ በክትባት ኃይል በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለዚህ ውጤት ሙቀት የሚችለውን ክትባት በአፋር በረሃ ይዘው የዞሩ የመንደር እንስሳት ጤና ሠራተኞች ድርሻ አላቸው።

የተከበራችሁ አባላትና አመራሮች፣ የዩኒየናችንን በዓል ስናከብር ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አዲስ አሠራር የሚመክር ሰው አስቀድሞ በራሱ ማሳ ይሞክረው። የተቀበልነው ቴክኖሎጂም የሚያስከትለውን ጉዳት እንከታተል፤ ባሕር ዛፍ ገቢ ስላስገኘልን ብቻ ከምንጭና ከእርሻ ዳር አንትከለው።