ንግሥት እሌኒና የጎጃም ጉልታቸው

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በእነብሴ አገር፥ በመርጡለ ማርያም ያለውን የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ ያየ ተማሪ የድንጋዩን ጥርብ አድንቆ፥ ማን አሠራው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዛሬ የሚታየው ግድግዳ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚሁ ሥፍራ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነበረ።

ጋብቻ ሴትን ከሥራ ያስቀራል ወይስ ወደ ሥራ ያስገባል የሚለው ክርክር በየመሥሪያ ቤቱ ሲነሣ ስለምንሰማ፥ የእኒህን ሴት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ወደድን።

እሌኒ የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ናቸው። አባታቸው እስላም ነበሩ፤ ያገቧቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ክርስቲያን ንጉሥ ናቸው። ጋብቻው የመንግሥት ጉዳይ እንደ ነበረ ግልጽ ነው፤ የልጅቱን ፈቃድ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለንም። ሆኖም በጋብቻው ቀኝ በዓልቴሐት፥ ማለት የቀኝ ንግሥት፥ ተባሉ። ይህ ማዕረግ ደግሞ ባዶ ስም አልነበረም። በዚያ ዘመን ሹም ደመወዙን በገንዘብ አይቀበልም፤ ጉልት ተሰጥቶት ከአገሩ በሚገባው ግብር ይኖራል። እሌኒም ከጎጃም ሰፊውን ክፍል ያዙ።

የገበሬይቱ ኑሮ ግን ሌላ ነበር። በጎጃም ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ርስት ትወርሳለች፤ ነገር ግን ሞፈር መጨበጥ የወንድ ሥራ ስለ ሆነ፥ ባል ከሌላት ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቱን ግማሽ ታጣለች። ካገባችም መፍጨቱ፥ መፍተሉ፥ ውሃ መቅዳቱ የእርሷ ነው፤ ደመወዝ የሚባል የለውም። በኋላም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ባላቸው ሲሞቱ የእሌኒ ሥራ አልተቋረጠም። አፄ በእደ ማርያም የገዛ እናታቸውን አስቀድመው አጥተው ስለ ነበር እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊም እሌኒ ሕግ ዐዋቂ፥ በቤተ መንግሥቱ የማዕድ ሥርዐትም የተካኑ መሆናቸውን መዝግቦላቸዋል። ማዕዱንና ሕጉን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ደስ ይላል። እሌኒ ልጅ አልወለዱም።

በ1500 ዓ.ም. አፄ ናዖድ ሲሞቱ ልብነ ድንግል የዐሥራ አንድ ወይም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። አገሩን በሞግዚትነት የመምራቱ ሥራ በአሮጊቷ ንግሥት ላይ ወደቀ። የአዳሉ ማሕፉዝ በዐቢይ ጾም እየጠበቀ ይወርራል፤ ቱርክም በባሕር በኩል እየበረታ ነው። እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ። የእኛ ሰዎች መርከብ የላቸውም፤ ስለዚህ እናንተ መርከብ አምጡ፥ እኛ ስንቅ እናቀርባለን የሚል አሳብ ነበረው። ከዚህም ሌላ የሁለቱ መንግሥታት ልጆች ይጋቡ የሚል ቃል ጨምረውበታል። እርሳቸው ራሳቸው ለፖለቲካ የተዳሩ ሴት ይህን መጻፋቸው ያስገርመናል።

ማቴዎስ ሰላይ ነው ተብሎ በመንገድ ብዙ ከተንገላታ በኋላ በ1506 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሰ። መልእክተኞቹ ምጽዋ የገቡት በ1512 ዓ.ም. ነው፤ ማቴዎስም ወዲያው በደብረ ቢዘን አካባቢ ሞተ። በዚያን ጊዜ ልብነ ድንግል አድገው ማሕፉዝን ድል ነሥተው ስለ ነበር፥ እርዳታውን እምብዛም አልፈለጉትም። እሌኒም የመንግሥቱን ሥራ ለቀው ነበር። የጎጃሙ ጉልት ግን አልተነካባቸውም፤ መርጡለ ማርያምን በብዙ ወርቅ ያስጌጡትም ከዚሁ ገቢ ነው።

ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ የንግሥቲቱን ሞት መዝግቧል። ሕዝቡ፥ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ሁሉም ጠባቂ እንደ ነበረው፥ ከሞቱ ወዲህ ግን አባትና እናቱን እንዳጣ ሆኖ እንደ ቀረ ሲናገር ሰምቷል። ድንኳናቸው ተተክሎ፥ መኳንንቱም እየመጡ ሲያለቅሱ ነበር።