ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፦ ከሽንፈት በኋላ የመጣው ውጊያ

ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው የባልቻ ሆስፒታልን ስም ሳይሰማ አይመለስም። በሩሲያ ቀይ መስቀል የሚታወቀው ይህ ሆስፒታል መታሰቢያነቱ ለደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነው። እኚህ ሰው የጉራጌ ምድር፣ የአገምጃ ልጅ ናቸው። ብዙዎቻችን በዓድዋ ድል እናስታውሳቸዋለን። ዛሬ ግን ልናነሣ የወደድነው የተሸነፉበትን ቀንና ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። የሰው ማንነት ይበልጥ የሚገለጠው ከወደቀ በኋላ ነውና።

ባልቻ ገና ልጅ ሳሉ አገራቸው በጦርነት ተመታች። በዚያ ጦርነት ተማርከው፣ ተሰልበውም በዳግማዊ ምኒልክ ቤት አደጉ። ልጅ ወልዶ ስሙን ማስጠራት ለማይችል ሰው ያ ዘመን ቀላል አልነበረም። እሳቸው ግን በታማኝነታቸውና በድፍረታቸው ከፍ እያሉ ሄደው በጅሮንድ ተባሉ። በፈረስ ስማቸውም አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ ባልቻ በመድፍ ተዋጉ፤ ሕዝቡም የሁለቱን ስም አያይዞ በግጥም አነሣቸው። ከዚያ በኋላ ሐረርንና ሲዳሞን ገዙ።

ሆኖም ጻድቅ አድርገን ልናቀርባቸው አይገባም። በደቡብ ያለው ገባር ሕዝብ በዚያ ዘመን የተሸከመው ቀንበር ከባድ ነበር፤ የባልቻም አገዛዝ ከዚህ ነጻ አልነበረም። ሥልጣናቸው ሲደላደል ልባቸውም አብሮ ከፍ አለ። ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡበት ዘመን አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ አዲስ አሠራር ሲያመጡ፣ የዓድዋው አርበኛ ለወጣቱ መስፍን መታዘዝን እንቢ አሉ።

በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በተጠሩ ጊዜ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው መጡና ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ራስ ተፈሪ ታላቅ ግብር አብልተው በክብር ተቀበሏቸው። ባልቻ ከጠባቂዎቻቸው ጋር በግብዣው ላይ ሳሉ ግን በሰፈር የቀረው ሠራዊት በገንዘብና በማባበል ተበተነ። ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። በምትካቸውም ሌላ ገዥ ለሲዳሞ ተሾመ። አንዲት ጥይት ሳትተኮስ ተሸነፉ። ለጦር ሰው ከዚህ የሚብስ ውርደት የለም። ታሰሩ፤ ሲፈቱም ወደ ገዳም ገቡ። በዚያው በ1920 ዓ.ም. የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን መልእክተኞች ወደ ደቡብ ወርደው ሆሳዕናና ወላይታ መድረሳቸውን የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያስታውሳል። የአንድ ሰው በር ሲዘጋ እግዚአብሔር የሚከፍተው በር ብዙ ነው።

አሁን ሁለት ተሸናፊዎችን እናስተያይ። ጣሊያን የዓድዋን ቂም 40 ዓመት ይዛ ቆየች፤ በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ተመልሳ መጣች። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥት የነበሩት ባልቻን ያዋረዱት ያው ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ለቂመኛ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ንጉሠ ነገሥቱ አስረዋቸው የነበሩት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከጣሊያን ጋር ወገኑ። ባልቻ ግን ከገዳም ወጥተው፣ በሽምግልና ዕድሜያቸው እንደገና መሣሪያ አነሡ፤ የተነሡትም በወራሪው ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ አርበኞች ከተማይቱን ለማስለቀቅ ሲመክሩ ባልቻ አብረው ነበሩ። በሐምሌ ወር ደጃዝማች አበራ ካሣ፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ሌሎችም በየአቅጣጫው ተነሡ። ነገር ግን ክረምት ነበር፤ ወንዞች ሞልተዋል፤ መገናኛም ስላልነበራቸው በአንድነት መምታት አልቻሉም። ሙከራው ከሸፈ። ባልቻ አሁንም እጃቸውን አልሰጡም። ወደ ተወለዱበት አገር ተመልሰው በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በጉራጌ ምድር ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ወደቁ። የሚገዙ መስለው ጠላትን ካስጠጉ በኋላ ተኩስ እንደከፈቱ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ወገኖቼ፣ በልባቸው የነበረውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኛ የምናየው ሥራቸውን ነው። እስራኤል በጋይ ከተሸነፈች በኋላ ዳግመኛ ከመዝመቷ በፊት ሰፈርዋን እንድታጠራ ታዝዛ ነበር፤ ኢያሱ ምዕራፍ 7ንና 8ን ያንብቧል። እኛስ? በሽማግሌዎች ምርጫ ስሙ የቀረ ወንድም፣ በንግድ ጎረቤቱ የቀደመው ሰው፣ በርስት ክርክር የተረታ ሁሉ ለሁለተኛ ዙር ይዘጋጃል። ጥያቄው ከማን ጋር ነው? ያሸነፈንን ሰው ለመጣል ብቻ የምንዘጋጅ ከሆነ የጣሊያንን መንገድ ይዘናል። ባልቻ ግን ያሸነፋቸውን ሰው ትተው ትክክለኛውን ጠላት ለዩ።

ጌታ ይህን ማስተዋል ለሁላችን ይስጠን። አሜን።