የደንብ ሰው፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ (1914–1979 ዓ.ም.)

በሐዋሳ ከተማ አሞራ ገደል በተባለው የሐይቅ ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ካነሡና አባ ኮዳዎችም የዓሣ ትራፊ ለቅመው ከጠገቡ በኋላ፣ አመሻሹ የልጆችና የኳስ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ በሸርተቴ ገብቶ የጓደኛውን ቅልጥም ሲመታ ጨዋታው ይቆማል፤ ጠብም ይነሣል። መቺው ኳሱን ነክቻለሁና ጥፋት የለብኝም ባይ ነው፤ ተመቺው ደግሞ እግሩን ይዞ ይጮኻል። ሁለቱም ስለ ደንቡ የሰሙት እንጂ የተማሩት ነገር የለም። ወጣቶችን የምናሠለጥን ባልደረቦች ይህን ክርክር በየሜዳው እናውቀዋለን። ስለዚህም የእግር ኳስን ደንብ በአማርኛ እንድናነብ ያበቁንን ሰው ሕይወት በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ ማስታወስ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ግን ከመሰንቆ ይልቅ ኳስን መረጡ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና የአሥራ አራት ዓመት ብላቴና ነበሩ። ዳሩ ግን ክለቡ እግሩን ሳይተክል የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ነጭንና ጥቁርን በሕግ ለያይቶ፣ በአንድ ሜዳ ላይ እንኳ አብረው እንዳይጫወቱ አደረገ። አቶ ይድነቃቸው የወጣትነት ጨዋታቸውን የተጫወቱት በዚህ አጥር ውስጥ ነው። የኋላ ዘመን ትግላቸውን የሚመረምር ሰው መነሻውን ከዚህ ቢፈልግ አይሳሳትም።

ከነፃነት በኋላ ወጣቱ ተጫዋች ለአገሪቱ ስፖርት ድርጅት መቆም ከደከሙት መካከል ግንባር ቀደም ሆኑ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከጣልያኖችና ከእንግሊዞች ቡድኖች ጋር ተወዳደረ። ትናንት በሕግ የተለያዩ ወገኖች ዛሬ በአንድ ደንብ ሥር ተሰለፉ ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ ደንቡ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ መገኘት ነበረበት። አቶ ይድነቃቸው የጨዋታውን ደንቦች ወደ አማርኛ የመመለሱን ሥራ የያዙት ለዚህ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ 23 ዓመት ያህል ሲጫወቱ ከ300 በላይ ግቦች ማስቆጠራቸው ይነገርላቸዋል። ይሁን እንጂ ለሙያችን የተረፈው ትልቁ ውርስ ያ የትርጉም ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም አለች። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም ያለ እርሷ በሦስት አገሮች ተካሄደ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጋጠም ተመድባ ስለ ነበር፣ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ መራራ ቢሆንም አቋሙ አልተለወጠም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ባላጋራ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ የሆነው ቡድን አምበል ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለደው ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ቀድሞ በዘር የተከፈለው ሜዳ በዚያ ቀን የሁሉም ሆነ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት አቶ ይድነቃቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚሁ ኃላፊነት ቆዩ። በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። የአፓርታይድን ጉዳይ በየጉባኤው ሳይሰለቹ አንሥተዋል። ፊፋም በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሰረዘ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ጉዳዩ ገና አልተዘጋም ነበር። ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ተመልሳ፣ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በተሰለፈበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ለማየት አልታደሉም።

እንግዲህ ወደ አሞራ ገደል ልጆች እንመለስ። ኳስ ነጣቂው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ኳሱ ከባላጋራው እግር ትንሽ እስክትርቅ ታግሦ፣ በእግሩ ውስጠኛ ጎን ኳሷን እንዲወስድ እናስተምረዋለን። ሸርተቴ የመጨረሻው አማራጭ መሆኑንም እንነግረዋለን። ነገር ግን ከዚህ ጋር አሥራ ሁለተኛውን ደንብ ካላስተማርነው ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ኳሱን መንካት ብቻ ከጥፋት አያድንም፤ በግድየለሽነት የገባ በቅጣት ምት፣ የባላጋራውን አደጋ ንቆ የገባ በቢጫ ካርድ፣ ከልክ ያለፈ ኃይል የተጠቀመ በቀይ ካርድ ይቀጣል። መቺውም ተመቺውም ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጠቡ በዳኛ ፉጨት ባበቃ፣ የልጁም ቅልጥም በዳነ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ደንብ ለደካማው መጠለያ መሆኑን በታላላቅ ጉባኤዎች አስመስክረዋል። ያንኑ እውነት በሐይቁ ዳር ለሚጫወተው ልጅ ማድረስ ግን የእኛ የአሠልጣኞች ድርሻ ነው። ደንቡ በቋንቋችን ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታልና ልጁ ሳያውቀው ቢቀር ምክንያት የለንም።