ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፤ ከአምባሰል ወገን የተገኙት ነርስ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲቃረብ የአምባሰል ተራሮች ይቀበሉታል። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ ጃንጥራር በሚል ማዕረግ በሚጠሩ ባላባቶች ሲተዳደር የኖረ ነው። ከነዚህ አንዱ የነበሩት ጃንጥራር አስፋው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስኂን የወለዷቸው፥ ኋላ እቴጌ መነን የተባሉት እመቤት የተወለዱት በዚሁ በአምባሰል፥ እጓ በተባለው ስፍራ ነበር። ስለ እቴጌይቱ ብዙ ተጽፏል። ከልጆቻቸው መካከል ለነርስነት ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርቡት ግን ልዕልት ፀሐይ ናቸው። የእሳቸው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሆስፒታል ስም ላይ ታጥሮ ቀርቷል፤ በሆስፒታሉ በር ላይ የነበረው ስም ሲለወጥም ታሪኩ አብሮ የተረሳ መስሏል።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ነው። የሰገሌ ጦርነት ካለፈ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ጦርነት የእናታቸው አያት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር መርተው ከሸዋ ጦር ጋር ተዋግተው ተማርከዋል፤ አባታቸው ደግሞ በድል አድራጊው ወገን አልጋ ወራሽ ሆነዋል። ስለዚህ ሕፃኗ የተወለዱት ሁለቱ ወገን ቁስሉ ሳይሽርለት በአንድ ጣራ ሥር በሚኖርበት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለሙያው ሰዎች ሌላም መታወስ የሚገባው አጋጣሚ አለ። በእንግሊዝ አገር ነርሶች በሕግ ተመዝግበው የሙያ ስም እንዲኖራቸው ያደረገው ድንጋጌ የጸደቀው በዚያው በ1912 ዓ.ም.፥ በታኅሣሥ ወር ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ የልዕልቲቱ ስም በዚያ መዝገብ ሊጻፍ ነበር።

በአገራችን የቆሰለ ወታደር የሚጠብቀው ሰው ከጥንትም አላጣም። ከጦሩ ኋላ ስንቅ ተሸክመው የሚከተሉት ሚስቶች፥ እኅቶችና የቤት አገልጋዮች ውሃ ያቀብሉት ነበር፤ ቁስሉን ያጥቡለት፥ ያስሩለት ነበር፤ አጥንቱ የተሰበረውን ወጌሻ ያቃናው ነበር። የጎደለው ርኅራኄ ሳይሆን ሥርዓት ነው። የሠፈሩን ውሃና መጸዳጃ የሚቆጣጠር፥ ተስቦና ግርሻ የሚያስተላልፈውን ቅማል ከልብስ የሚያስወግድ፥ የታመመውን ከጤነኛው የሚለይ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስታማሚው ራሱ ታሞ እንዳይወድቅ የሚጠነቀቅ የሠለጠነ ክፍል አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሲገባ ኢትዮጵያ አንድም መደበኛ የነርሶች ትምህርት ቤት አልነበራት፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም የተቋቋመው ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው።

ልዕልት ፀሐይ ያን ጊዜ አሥራ ስድስተኛ ዓመታቸውን ገና መያዛቸው ነበር። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ፋሻ ሲያዘጋጅና ልብስ ሲሰፋ፥ ከእንግሊዙ ሚኒስትር ባለቤት ከሌዲ ባርተን ጋር ሆነው ሥራውን ከሚመሩት አንዷ እሳቸው ነበሩ። በማኅበሩ እጅ ከተሠሩት ዕቃዎች መካከል የመርዝ ጭስ መከላከያ ጭንብልም ነበረበት። እንግሊዝኛ አጣርተው ይናገሩ ስለነበር ለዓለም ሴቶች የሚተላለፈው የአቤቱታ ቃል በሳቸው ስም ይወጣ ጀመር። ከመኳንንት ልጅ በዚያ ዕድሜ የሚጠበቀው ከዚህ አያልፍም ነበር፤ ስምን ማዋስ፥ በስብሰባ ላይ መገኘት፥ ፎቶግራፍ መነሣት። ወደ ሌላ መንገድ የመራቸው በወሎ ግንባር የደረሰው ነገር ይመስላል።

ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር የጦር ሠፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የሕክምና ሥፍራም ከመመታት አልዳነም። ከዚያ በኋላ ጦሩ በሐይቅ፥ በውጫሌና በወልድያ አድርጎ ወደ ኮረም ወጣ። በየካቲት መጨረሻ በኮረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሠፈር በቦምብ ተመታ፤ በመጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ የሚያፈገፍገው ሠራዊት ደግሞ በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ የመርዝ ዝናብ ወረደበት።

ይህ መርዝ፥ ይፐሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው፥ ጠባዩ ከጥይት የተለየ ነው። ሳር ላይ፥ ድንጋይ ላይ፥ ውሃ ላይ ያርፍና ሰው እስኪነካው ይቆያል። ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቆዳውን ያቃጥላል፥ ውሃ ይቋጥራል፥ ዓይን ያጠፋል፥ ሳንባ ያቆስላል። በባዶ እግሩ ለሚሄደው የኢትዮጵያ ወታደርና በቅሎውን ለሚነዳው ባላገር ከዚህ የከፋ ጠላት አልነበረም። ፊትን የሚሸፍን ጭንብል ለተቃጠለ እግር አይጠቅምም፤ በማኅበሩ ቤት ሴቶቹ ያን ያህል የደከሙበት ዕቃም በሠራዊቱ ብዛት ሲመዘን ኢምንት ነበር። ከዚህ በላይ መርዙ በቁስለኛው ልብስ ላይ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። ልብሱን በባዶ እጁ ያወለቀለት ሚስቱም ሆነች ድሬሰሩ፥ በማግሥቱ እጃቸው እንደሱ ሊቆስል ይችላል። አስታማሚን ከሥራው ከሚመጣ ጉዳት የመጠበቅ ጉዳይ በኢትዮጵያ ታሪክ በግልጽ የታየው በዚያ ዘመቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚጠብቀው ግን አልተገኘም። በ1928 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ልዕልቲቱ ወደ እንግሊዝ አገር ሴቶች በላኩት መልእክት ያስረዱት ይህንኑ ነበር። የሚወርደው መርዝ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሴቱንና ሕፃኑንም የሚፈጅ መሆኑን፥ ሕዝቡም መከላከያ የሌለው መሆኑን ገለጹ። መልእክቱ በጋዜጣ ወጣ፤ ጋዙ ግን አልቆመም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ በኢየሩሳሌም በኩልም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ንጉሠ ነገሥቱ በባዝ ከተማ ሲቀመጡ፥ ልዕልት ፀሐይ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በተማሪ ነርስነት ገቡ። ይህ ሆስፒታል በ1844 ዓ.ም. የተከፈተ፥ በብሪታንያ ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው።

እዚህ ላይ ማመዛዘን ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሆስፒታል ተማሪ ነርስ ማለት በነርሶች መኖሪያ ቤት በሥርዓት የምትኖር፥ ለሜትረንና ለዋርድ ሲስተር የምትታዘዝ፥ መኝታ የምታነጥፍ፥ የሽንት ዕቃ የምታጥብ፥ ሌሊት ተረኛ ሆና የምታድር፥ ደመወዟ ከኪስ ገንዘብ የማያልፍ ሠራተኛ ናት። ፔኒሲሊን ገና በሕሙማን ላይ አልዋለም፤ ሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን የሚያድነው አብዛኛውን ጊዜ የነርሷ ንቃት ነበር። ሥራው ለነርሷ ለራሷም አደገኛ ነው። በለንደን የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከ1927 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያካሄደው የፕሮፊት ጥናት፥ ከዚያ በፊት በሳንባ ነቀርሳ ተነክተው የማያውቁ ወጣት ነርሶች የነቀርሳ ሕመምተኛ ባለበት ዋርድ ሲሠሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ነርሶች ሥራ ሲጀምሩ ደረታቸው በራጅ እንዲታይ፥ በየጊዜውም እንዲመረመሩ የሚያዘው ልማድ እየተስፋፋ የሄደው እንዲህ ባሉ ጥናቶች ምክንያት ነው። ከአፍሪካ የመጣች የንጉሥ ልጅ በገዛ ፈቃዷ ከዚህ ውስጥ መግባቷ ለእንግሊዝ ጋዜጦች አስደናቂ ወሬ ነበር። በእርግጥ የሚደንቀው ግን መግባቱ ሳይሆን ሦስቱን ዓመት መጨረሱ ነው። አገር አልባ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ፥ ከሥልጠናው በኋላ የምታገለግልበት አገር መኖሩ እንኳ የሚያጠራጥር ነበርና።

ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. ፈተናቸውን አልፈው የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ጥቂት ቀናት እንኳ ሳያልፉ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገጠመች። የአዋቂዎችን ነርስነት ለመማር ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። ጋይስ የሚገኘው በቴምዝ ወንዝ ደቡብ፥ ከወደቡ አጠገብ ስለሆነ የጀርመን አውሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት ከሚደበድቡት ሠፈር ውስጥ ነበር፤ ሆስፒታሉም ራሱ ተመትቷል። በደሴ ሆስፒታል ላይ ቦምብ ሲወድቅ በሩቅ የሰሙት ልጅ፥ አምስት ዓመት ሳይሞላ እንዲህ ባለ ከተማ የነርስ ልብስ ለብሰው ተገኙ። በለንደን ግን በደሴ ያልነበረ ነገር ነበር። ሕመምተኛውንና ሠራተኛውን ወደ ምድር ቤት የማውረድ፥ ሕክምናውን በከፊል ወደ ገጠር የማዛወር፥ የተቃጠለ ሰው ሲመጣ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የመደልደል ዝግጅት ነበር። ልዕልቲቱ ለኢትዮጵያ ሆስፒታልና የነርሶች ትምህርት ቤት እንዲቆም የነበራቸው ምኞት እንዲህ ባለው ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ከኢጣልያ እጅ ወጣች፤ 8,000 ያህል ወታደር በዚያ ተማረከ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል በነርስነት ሠሩ። በእናታቸው የትውልድ አገር፥ ከአምባሰልና ከሐይቅ በሽተኛ በቃሬዛ በሚመጣበት ከተማ መሆኑ ነው። ቆይታቸው አጭር ነበር። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል አቢይ አበበን አግብተው፥ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ አብረው ወደ ለቀምት ሄዱ። ለቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጊዜው ደግሞ ክረምት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 ቀን ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላም። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም፥ ምኒልክና ዘውዲቱ ባረፉበት ቤት ተቀመጠ።

ከሁለት ዐሥርት ዓመት በኋላ እንኳ ይህ ዓይነቱ ሞት በኢትዮጵያ የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ ልዩ የሚያደርገው የሟቿ ማዕረግ አይደለም። ልዩ የሚያደርገው፥ በአገሪቱ በመዝገብ የታወቀ የነርስነት ሥልጠና ከነበራቸው እጅግ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዷ፥ እውቀታቸውን ሊያስተምሩ በጀመሩበት ሰዓት፥ ለሌሎች ሊያቋቁሙት ያሰቡት አገልግሎት ለራሳቸው ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

የልዕልቲቱ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለንደን ላይ የመታሰቢያ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ የኮሚቴው መሪ ታዋቂው ሐኪም ሎርድ ሆርደር ነበሩ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ አጋማሽ ከነርሶች ትምህርት ቤቱ ጋር በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1951 ዓ.ም. የአዋላጆች ትምህርት እንዲያቋቁሙ ተቀጥረው ወደዚህ ሆስፒታል የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች፥ ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን ናቸው። በረጅም ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቋጠር ያልቻሉ ሴቶች ከየገጠሩ ሲመጡባቸው ቀዶ ሕክምናውን የጀመሩት በዚሁ ዋርድ ነው፤ የፊስቱላ ሆስፒታልን የከፈቱት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በወሊድ ምክንያት ለሚሞቱና ለሚጎዱ ሴቶች የተደረገው ታላቅ ሥራ መነሻው በእርግዝና ምክንያት በሞቱት ነርስ ስም የተሠራው ቤት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሆስፒታሉ ለመከላከያ ሠራዊት ተሰጥቶ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ኋላ ሌተናል ጄኔራል የሆኑት ባለቤታቸው አቢይ አበበ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለሥልጣኖች መካከል ነበሩ። የታላቅ እኅታቸው የልዕልት ዘነበወርቅ ስም የነበረበት የሥጋ ደዌ ሆስፒታልም በአለርት ስም መታወቁ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። የልዕልት ፀሐይ ስም ከሆስፒታሉ መነሣቱ ለታሪክ የሚያስቆጭ ነው፤ የቤቱ አዲስ ተግባር ግን ከመጀመሪያው ሐሳባቸው የራቀ አይደለም። በአሸንጌ ዳርቻ እግሩ ተቃጥሎ የቀረውን ዓይነት ወታደር የሚቀበሉ ነርሶች ዛሬ በዚያ ይሠራሉ፤ አካባቢውም ጦር ኃይሎች እየተባለ ይጠራል፤ የቀላል ባቡሩም የምዕራብ መጨረሻ ጣቢያ በዚሁ ስም ይታወቃል።