ጃንሆይ «ሥላሴ» አይባሉም

ለዛሬ የጃንሆይን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ታሪካቸውን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። እኔ ግን በስማቸው በኩል ላምጣው። እንግሊዝኛ ጋዜጣና መጽሐፍ ላይ ጃንሆይን ባጭሩ «ሥላሴ» እያሉ ይጽፏቸዋል። ሥላሴ ነገሠ፣ ሥላሴ ተሰደደ ይላሉ። እንዴት እንዲህ ሆነ?

ጃንሆይ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ ኤጀርሳ ጎሮ በሚባል ቦታ ነው። አባታቸው ራስ መኮንን፣ እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ። የቤት ስማቸው ተፈሪ፣ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ነው። እንግዲህ እንደ አገራችን ደንብ ሙሉ ስማቸው ተፈሪ መኮንን ነበር። በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ትምህርት ቤትም በዚሁ ስም ተጠራ።

በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲነግሡ እሳቸው ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ራስ ማዕረግ ነው፤ ተፈሪ ስም ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ግን የክርስትና ስማቸውን የንግሥና ስም አደረጉት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ጃማይካ ውስጥ በሳቸው የሚያምኑ ሰዎች ተነሡ። እነሱም ማዕረጉንና የድሮ ስማቸውን አንድ ላይ ገጥመው ራስተፈሪያን ተባሉ።

በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ስማቸው በዓለም ገነነ። በዚያው ዓመት ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ ሽፋኑ ላይ አወጣቸው። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ አቤቱታቸውን አሰሙ። ሰሚ ግን አላገኙም። እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ቆይተው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ፈረንጆች የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ኃይለ የራሳቸው፣ ሥላሴ የቤተሰባቸው መሰላቸው። ግን ልብ በሉ፣ ኃይለ ሥላሴ ማለት የሥላሴ ኃይል ማለት ነው። ለሁለት ከተቆረጠ ኃይሉ ቀርቶ ሰውየው ራሳቸው ሥላሴ ሆኑ ማለት ነው! የመጨረሻ ልጃቸው ደግሞ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ይባላሉ። ሁለቱንም ቆርጦ የሚያነብ ፈረንጅ ይኸው የቤተሰብ ስም ይላል። የልጁ ስም ግን የሥላሴ ይቅርታ ማለት ነው፤ ከአባታቸው ስም የተወረሰ አይደለም።

ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. አረፉ። አፅማቸው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበረ።

ይህን የጻፍኩት እኛም እዚህ ሪያድ ስማችን እየተቆረጠ ስለሆነ ነው። የኛ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ተከታትሎ ይጻፋል፤ የመጨረሻው የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል። የኔ አያት ስም «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ነው። አንድ ቀን ክሊኒክ ተቀምጬ ነርሷ የአያቴን ስም ግማሹን ብቻ ትጣራለች። እኔን ነው ብዬ በምን ልወቅ? ተራዬ አልፎ እንደገና ከኋላ ተሰለፍኩ፤ ማዳምም አርፍደሻል ብላ ተቆጣች።

ጃንሆይ ስማቸው ቢቆረጥ ዓለም ያውቃቸዋል። እኛን ግን የሚያውቀን ወረቀቱ ነው። ስለዚህ እህቶቼ፣ ፓስፖርታችሁና ኢቃማችሁ ላይ ያለው ስም ፊደሉ አንድ መሆኑን እዩ። ብር ስትልኩ የእናታችሁን ስም መታወቂያዋ ላይ እንዳለው ሙሉውን አስጽፉ፤ አለዚያ ባንክ ሄዳ ትመለሳለች። በአባታችሁ ወይም በአያታችሁ ስም ብቻ የሚጠሯችሁንም ስሜ እንዲህ ነው በሏቸው።