የሁለት እጆችና የአንድ ፒያኖ ሥራ፦ ኖርማን ማክላረንና «ቢጎን ደል ኬር»

የአኒሜሽን ፊልም ሠሪው ኖርማን ማክላረን በጥናቶች ሲነሣ ብቻውን የሚሠራ ጠቢብ ተደርጎ የመታየቱ ልማድ የቆየ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በ1949 በሠራው «ቢጎን ደል ኬር» (በግርድፉ «ድብርት ሆይ፣ ወግድ») ላይ በማተኮር ልማዱ የሚያስቀረውን ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማክላረን በ1914 በስኮትላንድ፣ ስተርሊንግ ከተማ ተወለደ። በግላስጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳለ ካሜራ ስላልነበረው ያገለገለ ፊልም አጥቦ፣ በጠራው ሴሉሎይድ ላይ በቀለም ይሥል ነበር። በ1936 የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት በካሜራ ቀረጸ። በ1939 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ፤ በ1941 ደግሞ ጆን ግሪርሰን ጠርቶት በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ተቀጠረ። በኒውዮርክ ቆይታው በ1940 ለሠራው «ዶትስ» ምስሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም በፊልሙ ጠርዝ ላይ በእጁ ሥሏል። ሙዚቀኛ የማያስፈልገው ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በ1949 የድምፁን ሥራ ለጃዝ ፒያኒስቱ ለኦስካር ፒተርሰን የሰጠው። የሞንትሪያሉ ተወላጅ ፒተርሰን ገና 25 ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለቱ ተቀምጠው ተመካከሩ፤ ማክላረን የሚፈልገውን መልክ ሲገልጽ ፒተርሰን በፒያኖው ይመልስለታል፤ ከፒተርሰን ጣቶች በድንገት የወጣው ዜማ ደግሞ ለማክላረን ያላሰበውን ምስል ያቀብለዋል። የፒተርሰን ሦስትዮሽ ቡድን ሙዚቃውን አስቀድሞ ቀረጸ። ከዚያም እያንዳንዱ የዜማ ሐረግ ስንት ፍሬም እንደሚይዝ ተለካ፤ አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ሥዕሉ ግን የፍሬሙን ድንበር አላከበረም። ረጅም የፊልም ቁራጭ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቀለም ይቀባል፣ ይፋቃል፣ እርጥቡ ቀለም ላይ ጨርቅ ተጭኖ የሽመናው አሻራ ይቀራል። አቧራ ቢያርፍበት እንኳ አይጣልም፤ የሚተወው ምልክት የምስሉ አካል ይሆናል።

ስምንት ደቂቃ የማይሞላው ፊልም ሦስት ክፍል አለው፤ ፈጣን፣ ዝግተኛ፣ እንደገና ፈጣን። በእኔ አመለካከት ከሁሉ የላቀው መካከለኛው ነው። ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና በጥቁር መደብ ላይ ጥቂት ነጫጭ ቋሚ መስመሮች ከፒያኖው ጋር ይንቀጠቀጣሉ። ተመልካቹ የሚያየው ነገር እጅግ ሲቀንስበት የእያንዳንዱን ኖታ ክብደት ይለያል።

በቀለም ቅቡና በፍቂያው የማክላረን እኩያ የነበረችው ኢቭሊን ላምባርት ናት። የፊልሙ መግቢያም የሁለቱንም ስም ይዟል፤ በሥራው ላይ የተጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ የእሱን ብቻ ያነሣል። ላምባርት ከልጅነቷ ጀምሮ የመስማት ችግር ነበረባት። በዓይን የሚታይ ሙዚቃ እየተባለ የሚወደስ ፊልም ግማሽ ባለቤት መሆኗን ማንሣት፣ ለእሷ ከሚደረግ ውለታ ይልቅ ፊልሙን በትክክል ማንበብ ነው።

ማክላረን በዚያው ዓመት በዩኔስኮ ተልእኮ ወደ ቻይና ሄደ፤ ከተመለሰ በኋላ በ1952 የሠራው «ኔበርስ» በቀጣዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ1987 እስኪሞት ድረስ ከሠራቸው መካከል የ1960ው «ላይንስ ቨርቲካል» አንዱ ነው። በዚህ ፊልም ከላምባርት ጋር ወደ ቋሚዎቹ መስመሮች ተመልሰው፣ ከእነሱ በቀር ሌላ ምስል የሌለበት ሙሉ ሥራ አበርክተዋል።