ከተጉለት እስከ ፔተርስቡርግ፦ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የተማሩትና ይዘው የተመለሱት

ከአዳማ ተነሥቶ ወለንጪቲን አልፎ፣ መተሐራንና አዋሽን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና መንገደኛ፣ ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱን ሲይዝ ቆላው እየራቀ የጨርጨር ደጋ ይቀበለዋል። በዚያ መንገድ ላይ የሚገኙት ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከእርሷም ወዲያ ያለችው ሂርና የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ የታተመባቸው ከተሞች ናቸው። የመጀመሪያዋን የግዛታቸው መዲና አድርገው ቆረቆሯት፤ በሁለተኛዋ እርሻ ይዘው አረጁባት። እኚህ ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸውና የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር በመድረሳቸው ነው። ሁለቱንም ሥራ ያስገኘው ግን ገና በልጅነት የጀመሩት የባዕድ አገር ጉዞ ነበር።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለት፣ ሰያደብር በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ሐረር በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያልፍባት በር ነበረች፤ ዐረብ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ፈረንሳዊ፣ ሕንዳዊ ነጋዴ በገበያዋ ይታይ ነበር። ከደጋማው ተጉለት ለመጣ ልጅ ይህች የግንብ ከተማ ራሷ የመጀመሪያዋ ባዕድ አገር ነበረች ማለት ይቻላል። ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ልጁም ከሠራዊቱ ጋር አብረው ተጓዙ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውንም በልጅ ዐይን አዩ።

ከድሉ በኋላ የሩሲያና የኢትዮጵያ ወዳጅነት ጠበቀ። የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን ለማከም የሐኪሞች ቡድን ላከ። ኒኮላይ ሌዎንትየፍ የተባለው የሩሲያ መኮንንም በሁለቱ አገሮች መካከል ይመላለስ ነበር፤ ለራሱ ክብርና ጥቅም የማይሰንፍ፣ ጀብዱ ወዳድ ሰው እንደነበር የዘመኑ ታሪክ ይመሰክርበታል። ተክለ ሐዋርያት ወደ ሩሲያ የሄዱት ከዚህ ሰው ጋር ነው። ዕድሜያቸው ገና ዐሥራ ሁለት ገደማ ነበር። ወዴት እንደሚሄዱም ሆነ ምን እንደሚማሩ የመረጡት ሌሎች ነበሩ። ሠራዊቱ በመድፍ አጠቃቀም የሠለጠነ ሰው ይሻ ስለነበር ልጁ ተማሪም፣ የመንግሥት አደራም ሆነው ወጡ።

ያን ጊዜ ባቡር አልነበረም። የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው ከዚያ በኋላ በመሆኑ፣ ከሐረር እስከ ባሕሩ ያለው በረሃ በበቅሎና በግመል የሚታለፍ ነበር። ከዚያም መርከብ፣ ቀይ ባሕር፣ የስዊዝ ቦይ ይከተላል። ዛሬ ከቦሌ ተነሥቶ በዚያው ቀን አውሮፓ የሚያድር ተማሪ የሚያገኘውን ድንገተኛ ለውጥ ያ ልጅ ለሳምንታት እየተቆራረሰ ነው የቀመሰው። አገሩ በአንድ ጊዜ አልጠፋውም፤ በመጀመሪያ ደጋው፣ ቀጥሎ ቋንቋው፣ በመጨረሻም የብሱ ቀረ።

ፔተርስቡርግ ለሐበሻ ልጅ የተፈጥሮ ሕግ ራሱ የተለወጠባት ከተማ ናት። በተጉለት ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው። በፔተርስቡርግ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ከስድስት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በሰኔ ደግሞ ሌሊቱ አይጨልምም። ኔቫ የተባለው ታላቅ ወንዝ ለወራት ይጋገርና ሰውና ጋሪ ይሻገርበታል። የተጉለት ልጅ ውርጭን ያውቃል፤ ማለዳ ሣሩን አንጥቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ ነው። ለወራት የማይነሣ በረዶ ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምት የሚለው ቃል እንኳ በዚያ አገር ትርጉሙ ይከዳል፤ ዝናብ፣ ጭቃና እርሻ ሳይሆን ምድር የምትሞትበት ወራት ይሆናል።

ይሁን እንጂ በዚያ ባዕድነት መካከል አንድ የሚያስደንቅ ቅርበት ነበር። ሩሲያ በዚያ ዘመን ምዕራብ አውሮፓ የተወውን የዩልዮስ አቆጣጠር ትከተል ስለነበር፣ የልደት በዓሏ ከኢትዮጵያ ገና ጋር በአንድ ቀን ይውል ነበር፤ ፋሲካውም እንዲሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋና ወተት ከገበታው የሚነሣበት አገር፣ በሥዕል ፊት ሻማ የሚበራበት አገር ነበር። ከሐረር የሄደ ልጅ በፓሪስ ወይም በለንደን ቢገባ ኖሮ በዓሉን ብቻውን ይቆጥር ነበር። በፔተርስቡርግ ግን ገናን የሚያከብረው ከከተማው ሁሉ ጋር ነው፤ ያውም በበረዶ ላይ።

ልጁን የሞልቻኖቭ ቤተሰብ ተቀብሎ እንደ ልጅ አሳደጋቸው። የቤቱ አባወራ ኮሎኔል ነበር፤ ቤተሰቡም ከቮልኮንስኪ መሳፍንት የሚወለድ ነው። በቮልኮንስኪ ስም የሚጠራ አንድ ልዑል ከሰባ ዓመት በፊት በዛሩ ላይ ከተነሡት መኮንኖች መካከል ተቆጥሮ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዘ ነበር። ስለዚህ ተክለ ሐዋርያት የገቡበት ቤት የመኳንንት ቤት ቢሆንም ንጉሥ ሊወቀስ እንደሚችል፣ ሥልጣንም ወሰን ሊኖረው እንደሚገባ የሚታወስበት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት በትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር ውስጥ አልተጻፈም፤ በኋላ ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ ብዕር ላነሡት ሰው ግን ከመድፉ ትምህርት ይልቅ የጠቀማቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሩሲያውያንም እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያዩ የሚያስታውሱት ታሪክ ነበራቸው። የታላቁ ባለቅኔያቸው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ በልጅነቱ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ያደገ፣ በኋላም በምሽግ ሥራ ምሕንድስና ተምሮ ጄኔራል የሆነ ሰው ነው። ትውልዱ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን ብዙ ሩሲያውያን ሐበሻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1891 ዓ.ም. የፑሽኪን መቶኛ የልደት ዓመት በመላ ሩሲያ ሲከበር ተክለ ሐዋርያት በዚያው አገር ተማሪ ነበሩ።

በፔተርስቡርግ በሚካኤሎቭ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብተው የጦር ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በዚያ በቆዩበት ዘመን ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሆኑ። በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. ጃፓን የምትባል ትንሽ የእስያ አገር ታላቋን ሩሲያ በየብስም በባሕርም ድል አደረገቻት። በጥር 1897 ዓ.ም. ደግሞ በፔተርስቡርግ አደባባይ አቤቱታ ይዞ ወደ ዛሩ ቤተ መንግሥት በሚጓዝ ሕዝብ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ አብዮትም ተቀጣጠለ። ዐድዋን ያየ ወጣት ነጭ ያልሆነ ሕዝብ አውሮፓዊን ኃያል መንግሥት ሲያሸንፍ ሲሰማ ለሁለተኛ ጊዜው ነበር። ይሁንና አሁን የሰማው ከተሸናፊው ወገን ሆኖ ነው።

ከዐሥር ዓመት በላይ በሩሲያ ከኖሩ በኋላ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አሳዳጊያቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ሞተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም እየደከሙ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም በወራሽነት ጉዳይ ተወጥሯል። የላካቸው መንግሥት በላካቸው ጊዜ የነበረው መንግሥት አልነበረም፤ የተማረ ሰው የት እንደሚቀመጥ የወሰነ ሥርዓትም ገና አልተበጀም። የመድፍ ባለሙያው መድፉን የሚያሰማራ ክፍል ጠብቆ አላገኛቸውም።

እንግዲህ የሕይወታቸው መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልመረጠላቸውም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ስለነበር በልጅነታቸው በበቅሎና በግመል የታለፈው በረሃ አሁን በሐዲድ የሚቆረጥ ሆኗል። የጦር መኮንኑ በፈረንሳይ አገር የተቀመጡት እርሻ ለመማር ነበር። በዚያ ዘመን ለነበረ መኳንንት እንዲህ ያለ ምርጫ ከፍታ ሳይሆን ውርደት ይመስል ነበር፤ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ባሕር ተሻግሮ ይማሩታል ወይ የሚያሰኝ። ተክለ ሐዋርያት ግን ከዚያ ትምህርት አልወጡም። በአማርኛ የእርሻ ትምህርት መጽሐፍ ጻፉ፤ እስከ እርጅናቸውም መሬት አልለቀቁም።

ከአውሮፓ ያመጡት ሌላው ነገር ቴአትር ነው። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለው ድርሰታቸው በላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በአማርኛ የቴአትር ታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ ይቆጠራል። ታዳሚው መኳንንት በአውሬዎቹ ፊት የራሱን መልክ ሳያይ አልቀረም፤ ቴአትሩ ታገደ።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲነሡ ተክለ ሐዋርያት ከለውጡ አራማጆች መካከል ነበሩ። ከዚያም የጅጅጋ፣ ቀጥሎም የጨርጨር ገዢ ሆኑ። ጨርጨር የተማሩት ሁሉ የተፈተነበት ማሳ ነው። አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ ግብርና አስተዳደር በተጻፈ ደንብ እንዲመራ ሞከሩ፤ ግዛቱም ለሌሎች አርአያ ተብሎ የሚጠቀስ ሆነ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለገባ ወለንጪቲን በመሳሰሉ ጣቢያዎች የሚያልፈው ሐዲድ የሐረርጌን ቡና ወደ ጅቡቲ ወደብ ያወጣ ጀመር። በገዢነታቸው የገበሬው ጫና ሁሉ ቀለለ ማለት አይደለም፤ መሬቱም ሥልጣኑም ያው በባለ ሥልጣናት እጅ ነበር። ነገር ግን ግብር በገዢው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ላይ በሰፈረ መጠን ይሁን ማለት ራሱ በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም።

በኋላ በበጅሮንድነት የገንዘብ ሚኒስቴርን መሩ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ባዘዟቸው ጊዜም በዋነኛነት የተመለከቱት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር፤ በወጣትነታቸው ሩሲያን ስታሸንፍ ያዩዋትን አገር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችንም አቋቋመ። ለንጉሡ የተወው ሥልጣን ሰፊ ነበር፤ በጽሑፍ መቀመጡ ግን አዲስ ነገር ሆነ።

ኢጣሊያ ወረራ ስታሰናዳ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተሟገቱት እርሳቸው ናቸው። ልጅ ሳሉ ዐድዋን ያዩ ሰው፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ በፈረንሳይኛ ንግግር ያንኑ ጠላት በቃል ለመመከት ቆሙ። ቃሉ አልበቃም። አገሪቱ በወረራ ስትያዝ ወደ ስደት ወጡ፤ ስደቱም እስከ ማዳጋስካር ወሰዳቸው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለተቃቃሩ ከነጻነት በኋላም ወዲያው አልተመለሱም፤ ብዙ ዓመት በባዕድ ደሴት ኖሩ። በልጅነት ከሄዱት ይልቅ ይህኛው ይከብዳል፤ የተማሪ ጉዞ መመለሻ አለው፤ ይኸኛው ግን አልነበረውም።

በዚያ መካከል ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1941 ዓ.ም. አሳተሙ። ባለታሪኩ ከገጠር ተነሥቶ በፈረንሳይ እርሻ ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለስ ወጣት ነው። ዘመኑንና ስሙን ለውጦ የአባትየውን ሁለተኛ ጉዞ ለሚያውቅ አንባቢ ምንጩ ሩቅ አይደለም።

ተክለ ሐዋርያት በመጨረሻ ሲመለሱ ሹመት አልጠየቁም፤ ወደ ሂርና ሄደው እርሻ ላይ ተቀመጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ በሕይወት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፎ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው።